ሳይቃጠል

ሻርጃ፣ ሰናዒያ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት፤
አልወጣለትም ብረቱ ቀን የጠጣው እሳት።
«ድምፅ የለውም» ይላል አቡ ሱልጣን፣
«ጤነኛ መኪና ለምን ትከፍታለህ?»
ድምፅ ያወጣ ዕለትማ እኔን መች ልትጠራ፣
ዊንች ነው እንጂ፣
አልኩ በሆዴ፣ ቡሎኑን ሳዞር ወደ ግራ።

የሱፐርቻርጀሩ ዘይት አንድ ብርጭቆ አይሞላ፤
ሽታው ግን! ፀሐይ ላይ የተረሳ የአሣ ቅርጫት።
በከብት መርፌ ሳብኩት፣ ቀስ ብዬ፣
ማር መስሎ ገብቶ ጥላሸት የሆነ፣
ሰባት ዓመት ጥርስ ከጥርስ ሲያስማማ የባከነ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገሬ ሰው፤
እዚህ ቅጠል የለም፣
በመርፌ ነው እሳቱን የምመልሰው።

ሞተሩን አስነስቶ፣ ጆሮውን ጥሎ፣
«ምንም ለውጥ የለውም!» አለ እየከፈለ።
ደስ አለኝ።
ሽታው ጣቴ ላይ አለ።