ውኃውን ያልረሳ ድንጋይ

ከደጎሎ ቁልቁል፣ ሁለት ሰዓት መንገድ፣
ገደሉ ቀለሙን ሲለዋውጥ ሲሄድ፣
ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ተሰልፎ የቆመ፣
እሳት ሆኖ ፈስሶ፣ በርዶ የከረመ፤
ከዚያ ቀይ አሸዋ፣ ጎርፍ ያነጠፈው፣
ከዚያ የኖራ ድንጋይ፣ ዛጎል ያቀፈው፤
ከሥር፣ ከሁሉም ሥር፣ ሁሉን የተሸከመ፣
ነጩ ነው፣ ለስላሳው፣ ጉልበቱ የደከመ፤
በጥፍር ቢጭሩት በቶሎ የደቀቀ፣
ጋራ ተጭኖበት አንድ ቀን ያልወደቀ።

ጀሶ።
ከጤፍ ተቀይጦ ስሙ የጠፋበት፣
አገር ግድግዳውን የሚያሳምርበት።

እኔ ቆጣሪ ነበርሁ፤ ሚዛኑ ሥር ያለሁ፤
በቢክ አራት ዓምድ መዝገብ ላይ አሰምራለሁ፦
ቀን፣ ታርጋ፣ ክብደት፣ የሹፌር ፊርማ፤
ጋራው በገልባጭ ተጭኖ ወጣ ከተማ።

አንድ ቀን ልሳነወርቅ፣ ባለመዶሻው ሰው፣
የጉድጓዱን ግድግዳ በመዳፉ ዳሰሰው።
"ባሕር ነበር እዚህ፤ ጥልቅ አይደል፣ ለጉልበት፤
ፀሐይ ስትመጠው ነጩ ሲረጋበት፣
ተመልሶ ሲሞላ ጭቃ ሲደፋበት፣
ደሞ ሲደርቅ፣ ደሞ ሲሞላ፤ ይኸውላችሁ፣
ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ቀይ... ቁጠሩ ካሻችሁ።"

ቆጠርሁ፤ ሥራዬ ነው። መቶ አርባ ስደርስ
ደመና ወረደና መስመሩን ሲያለብስ
ጠፋኝ።

ደማሚት ቀባሪው ሙሄ ይመር ሳቀ፤
"ታዲያ ባሕሩ የት ገባ?" ብሎ ጠየቀ።
"የትም አልገባም" አለ፤ "እየጫናችሁት ነው።
አምስት ኩንታል ሲወጣ አንዱ ኩንታል ውኃ ነው፤
ከድንጋዩ ጋራ አብሮ የተቋጠረ።"

ዝም አልን።
ጦይባ፣ የሙሄ ሚስት፣ ጀሪካኗን አዝላ፣
ካቀበቱ ወገብ ትንፋሿን ልትሞላ
ቆማለች።
እኛ ደሞ ውኃ በገልባጭ ጭነን
ሳናውቅ ሸኝተናል፣ ደረሰኝ ቆርጠን።
መዝገቡን ገለጥሁት። የውኃ ዓምድ የለውም።

በዚያው ዓመት ሰኔ አንድ ንጣፍ ላልቶ
ሙሄን ቅልጥሙን መታው። በገልባጩ ወጥቶ፣
ከነጩ ጭነት ላይ እንደተጋደመ፣
ደሴ ሆስፒታል ገባ ጥርሱን እንደገጠመ።
ጀሶው ሲበጠበጥ አጠገቡ ነበርሁ።
የተቆላ ዱቄት፣ ምንም የሌለው ገላ፣
እሳት ውኃውን ነጥቆት የቀረ ገለባ፣
ጠብታ ሲነካው ድሮውን አስታውሶ
ሞቀ፤ ከዚያ ጠጠረ፤ ድንጋይ ሆነ መልሶ።

"ሰባሪዬም እሱ፣ ወጌሻዬም እሱ"
አለ ሙሄ፣ በጣቱ እያንኳኳ ራሱ
ነጩን እግሩን። "ካሳዬን ከማን ልጠይቅ?"

በሌላ ክረምት መንገዱ ተናደ።
ድርጅቱ ቅርብ ያለ ሌላ ጋራ አገኘ።
ሚዛኑን ነቅለው ወሰዱ፤ አራት ብሎን ቀረ።
ጉድጓዱ ዝናብ አቁሮ አረንጓዴ ሆነ፣
ፍየል አሽትታ የምትመለስለት፣ መራራ።
በስንጥቁ ውስጥ ግን እንደ ፈትል የተዘረጋ
ሐር የመሰለ ደም ሥር፣ ማታ ፀሐይ ሲያገኘው፣
ሸማኔ የረሳው ድር ይመስላል።
ሙሄ ከዚያው ግድግዳ መዳፍ የሚያህል ቅጠል ልጦ፣
ጥርት ያለ፣ ከጎጆው መስኮት ሰክቶታል፤
ጦይባ ስትመጣ ትንሽ ደብዘዝ ብላ ትታያለች፣
ውኃ ውስጥ እንዳለች።

ክረምት ሲገባ እንወርዳለን፣
እሱ በምርኩዙ፣ እኔ ባዶ እጄን፣
ካፋፉ ላይ እንቀመጣለን።
ዝናቡ ነጩን ይልሰዋል።
አምና ያልነበረ ቀዳዳ፣ ዘንድሮ ክንድ ያስገባል።
ያ ባሕር ይፈታል፤
በወንጪት፣ በጃማ፣ በዓባይ አድርጎ፣
ያለ ታርጋ፣ ያለ ክብደት፣ ያለ ፊርማ፣
ይወርዳል።

"ዛሬስ ስንት ወጣ?" ይለኛል ሙሄ።
"መቁጠር ትቻለሁ" እለዋለሁ።
ውሸቴን ነው።