ሲሸት ነው ደኅና

ንጋት ላይ ስወጣ፣ አፍንጫዬን ቀድሜ፣
ነፋሱን ስቀምስ፣ ከጉድጓዱ ቆሜ፣
የገማ እንቁላል ሽታ ሽው ካለ በደጄ፣
አማትባለሁ በእጄ።
ቶማሳ ከአጥር ማዶ፣ በሻሽ አፏን ሸፍና፣
«ኤውፌሚያ፣ ምን ሞተ?» ትለኛለች ገና
ፀሐይ ሳትወጣ።
ምንም አልሞተም፣ ቶማሳ። ሲሸት ነው ደኅና።

የተራራው አፍ፣ የኔን አሊፒዮ የዋጠው፣
ኩባንያው ዚንኩን፣ እርሳሱን ግጦ ሲጨርሰው፣
በሩን በሳንቃ መትቶ፣ ዘበኛ አሰናብቶ ሄደ።
ውኃ ግን ሳንቃ አያውቅም፤
በስንጥቁ ሾልኮ ወረደ፣
ቀይ ሆኖ፣ የዛገ ምስማር የተቀቀለበት መስሎ።
ዓሣው በጀርባው ተንሳፎ፣ ሣሩ ከሥሩ ከስሎ፣
ግልገሎች ጠጥተው ጉልበት ከዳቸው፤
የልጆቹን ደም ነርሷ መርምራ
ቁጥር ጻፈች በስማቸው።

ሮሳውራ መጣች ከከተማ፣ ኢንጂነር፣ ጫማዋ ጭቃ።
ማሽን የላት። የላም እበት፣
ፍቅፋቂ እንጨት፣ ኖራ ድንጋይ አስጭና በካሚዮን፣
ጉድጓድ ላስቲክ አልብሳ፣ ቀላቅላ ሞላች።
«እበቱ ውስጥ አሉ፣ ዓይን አያያቸውም» አለች።
«እኛ አየር እንደምንስበው፣ እነርሱ ድኝ ይስባሉ፤
ትንፋሻቸው ብረት ሲነካ፣ ጥቁር አርገው ያስተኛሉ።
አየር ጠላታቸው ነው፤ ክዳኑን እንዳትከፍቱ!»
ሳቅን። እበት ውኃ ሊያጥብ!
ባክቴሪያ ማለት በሽታ፣ አይደል የተማርነው ጥንቱ?

አንድ ሳምንት። ቀይ ገባ፣ ቀይ ወጣ።
ሦስት ሳምንት። ቀይ ወጣ።
አንድ ሌሊት ግማቱ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ፤
በባትሪ ብርሃን ቀድቼ ባየው፣
ጣቶቼን በብርጭቆው አሳየኝ።

ሰኔ እዚህ ዝናብ አይደለም፤ ሰኔ እዚህ ውርጭ ነው፣ ድንጋይ የሚሰነጥቅ።
ሁለት ሌሊት ሽታው ጠፋ።
ጭድ ደረብኩ። ጆንያ ደረብኩ።
ጆሮዬን ክዳኑ ላይ ለጥፌ፣ እንደታመመ ሕፃን ሳዳምጥ አመሸሁ።
ከዚያ የአሊፒዮን ፖንቾ ከሣጥኑ አወጣሁ፣
አራት ዓመት ሙሉ ያላጠብኩት፣
ጠረኑ እንዳይሄድብኝ ከሰው እጅ የደበቅኩት፤
እርሱንም አለበስኳቸው።
በማግስቱ፣ በሦስተኛው፣
ምንም።
በአራተኛው ቀን ገማ።
ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም።

መርዙ ጠፋ አልልም። መርዝ መች ይጠፋል?
ታስሯል እንጂ፣ ከእግሬ ሥር፣ ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ተኝቷል፤
ዘቦቹ ደመወዝ የላቸው፣ ቀለባቸው እበት፣
ነገ ብረሳቸው፣ ይፈታል።
ዓሣው አልተመለሰም።
ትናንት ግን የቶማሳ ልጅ ከወንዙ ድንጋይ ገልብጦ
አንዲት ስድስት እግር ትል በቆቡ ይዞ መጣ፣ ሮጦ።

ዛሬ ጠዋት ቶማሳ፣ ከአጥር ማዶ፣ አፏን ሳትሸፍን፣
ሥጋት በዓይኗ ሞልቶ፦
«ኤውፌሚያ፣ ምንም አይሸተኝ... ደኅና ናቸው?»
«ደኅና ናቸው። ያዘሽ ጉንፋን።»