የሐሙስ ክኒን

ከፈረስ መጋላ ስትወርዱ፣ መኪና ግርግር፣ ሦስተኛው በር፣
አሥራ አንድ ዓመቱ ጣቴ ከእኔ ጋር ሲከራከር።
ታጠፍ ስለው ቀጥ ይላል፣ ቀና በል ስለው ያብጣል፤
ንጋት ላይ እንደ ደረቀ ዱላ አልጋው ላይ ይጠብቀኛል።
እጄ እጅ እስኪሆን ድረስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣
እንደ አሹቅ ባቄላ ሳህን ውስጥ ሙቅ ውሃ ይጠጣል።

ለግማሽ ሐረር ቁልፍ የተከልኩ፣ የራሴን አልቆልፍም፤
ዘነበች ትቆልፍልኛለች፤ ዓይን ለዓይን አንተያይም።

ሐኪሟ የሕመሙን ስም ነግራኛለች፤ ረጅም ነው፣ አልይዘውም፤
‹ተከራዬ› እለዋለሁ፤ ኪራይ ግን ከፍሎ አያውቅም።
ክኒኑ በሳምንት አንዴ ነው፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ፤
ዓርብ ሆዴ ይገለበጣል፣ ቅዳሜ ትንሽ ፋታ።

ልብስ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ መድኃኒት ይዞ ይመጣል።
ሱሪ ያስለካው ሾፌር ‹የግመል ወተት ጠጣ› ይላል፤
እማማ ስኂን ኩታ ሲያመጡ፣ ጸበል በሃይላንድ ሙሉ፣
ከቁልቢ ድረስ ተሸክመው፣ ‹በእምነት ነው› እያሉ፤
የሚያግም ሰው ጀርባዬ ላይ ስድስት ክብ ማኅተም አተመ፤
ረምዚያ ጥቁር አዝሙድ በማር አቀመሰችኝ፣ ምላሴ ታመመ።
ሁሉንም ሞከርኩ። ስስት ይሁን ፍርሃት፣ አላውቅም፤
የታመመ ሰው እንደ ጤነኛ እንቢ ማለት አይችልም።
ዘነበች ወጪውን በደብተር ይዛ፣ አንድ ማታ ደመረችው፤
‹ሁለት ሲንጀር ይገዛል› ብላ ደብተሩን ዘጋችው።

ኤረር ሄድኩ በጥቅምት፣ በሚኒባስ ከድሬ፣
ፍልውሃው ውስጥ ዋልኩ እስከ አንገቴ ተቀብሬ።
አጠገቤ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ ጋሽ ኢብሮ ይባላል፣
‹ሳ ቫ?› ይለዋል ጉልበቱን፤ ጉልበቱ ዝም ይለዋል።
በየዓመቱ ይመጣል። ‹አድኖሃል ግን?› አልኩት።
ሳቀ። ‹ልጄ፣ ውሃው ሙቅ ነው። ሌላ ምን ፈለግህበት?›
ሦስት ቀን ጣቴ ዘፈነ። ቁልፌን ቆለፍኩ ያለ ሰው እጅ፤
በአራተኛው ተከራዬ ተመለሰ ወደ ለመደው ደጅ።

ከዚያ ነው ሸዋ በር፣ ያ የብልቃጡ ሰውዬ፤
‹ክኒኑን ጣል፣ ጉበት ይበላል፤ ሥሩ ይበቃሃል ጌታዬ።›
ሐኪሟ ‹አብረኸው ትኖራለህ› ትላለች፤ እሱ ‹ይለቅሃል› አለ፤
ያቺን ቃል የሰማ እግሬ ሳይነገረው ተከተለ።
አመድ የመሰለ ዱቄት፣ መራራ፣ ስም የሌለው፤
ስድስት ሐሙስ አለፈኝ ክኒኔን ሳልቀምሰው።

በሰባተኛው እጄ ዘጋ። ቁልፉ እንደጠፋበት ሱቅ፣ በአንዴ ጠፋ።
ጠረጴዛው ላይ የረምዚያ ልጅ የአጥላስ ቀሚስ፤
ሠርጉ እሁድ ነው፣ ጫፉ ያልተሰፋ።
ነቢል፣ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ፤
እኔ ግድግዳ ተደግፌ፣ ፔዳሌን በፊቴ ረገጠ።
ግር፣ ግር፣ ግር አለች። ድምጿ ያው ነው። እሱ ነው የቆረጠኝ፤
ያለ እኔም ትሄዳለች ለካ። ማንም ቀድሞ አልነገረኝ።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። መቆጣት ነበረባት።
‹ጉበትህን የነካው› አለች፣ ‹ያ ስሙን የማናውቀው ዱቄት።›
‹ፍልውሃውስ?› አልኳት እንደ ልጅ፣ የምትቀማኝ መስሎኝ።
‹ከሞቀህ ሂድ። ሐሙስን ብቻ አትርሳ› አለችኝ።

አልዳንኩም። የጠየቀኝን ሰው አልዋሽም።
ጥሩ ቀን አለ፤ መጥፎ ቀን አለ፤ ተራቸውን አይጠብቁም።
እማማ ስኂን ጸበሉን አሁንም ያመጣሉ፤
እጠጣለሁ። የእሳቸውም ጉልበት ያማል፣ ዳገቱን ግን ይወጣሉ።

ማታ ሱቁን ስንዘጋ ነቢል ወደ ኋላ ይቀራል፤
ጠዋት የመርፌው ትራስ ላይ አሥር መርፌ ይደረደራል፣
ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡኒ፣ ቀይ፣ ሁሉም ክር የጎረሰ።
አላዘዝኩት። እሱም ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሰ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ውሃው እስኪሞቅ ቀዩን መርጫለሁ፤
ጣቴ ገና አልነቃም።
እጠብቀዋለሁ።