ዕጣው ሳይወጣ

ከደሴ ስንነሳ ጦሳ ጉም ለብሷል፣
የሐረጎ ቁልቁለት ጆሯችንን ደፍኗል።
እንድሪስ ከፊት ሆኖ መጠይቅ ይቆጥራል፤
መቶ አርባ ጥያቄ፣ ያውም ለሙከራ ነው፣
እኔ ጉልበቴ ላይ ያቀፍኩት ዕቅዱን ነው።

ዕቅዱ እንዲህ ይላል፦
የስምንት መቶ እናቶች ስማቸው ይጻፋል፣
ለአራት መቶዎቹ የስፌት መኪና በዕጣ ይታደላል፤
የቀሩት አራት መቶ ምንም አይደርሳቸው፣
ከሁለት ዓመት ኋላ
«ምን በላችሁ?» ብለን እንጠይቃቸው።

ለምን? ቢሉ
ሰው ሁለት ጊዜ አይኖርማ።
መኪናው ደርሷት የሰፋችው ሴት
ባይደርሳት ኖሮ ምን ትሆን እንደነበር
ማን አይቶ ይመስክር?
«ኖሮ» የሚሉት አገር መንገድ የለውም፣
ባጃጅ አይገባበት፣ አውቶቡስ አይደርስም።
እዚያ የምትኖረውን ያችኑ ሴት ፍለጋ
ጥላዋን እናያለን
በጎረቤቷ ግድግዳ።

ደግሞም መለካት አለበት።
አምና የታደሉት ዶሮዎች
እንቁላል የጣሉት ሪፖርት ላይ ብቻ ነበር።

ኮምቦልቻ፣ ከጨርቃ ጨርቁ ጀርባ፣
የጦይባ ይመር በር ጎንበስ ያለ ይግባ።
የመጀመሪያው ጥያቄ፦ «ጣራው ቆርቆሮ ነው?»
ቀና ብላ አየችው፤ «ሲዘንብ ወንፊት ነው።»
ለወንፊት ኮድ የለንም፤
እንድሪስ «ሌላ» የሚለውን አከበበው።

ስለ ዕጣው ነገርናት። ዝም ብላ ሰማች፣
የሻሿን ጫፍ ይዛ ጣቷ ላይ ጠቀለለች።
«እንግዲህ» አለችን፣ «ለኔ ከወጣማ
ቀን ቀን እኔ ልስፋ፣ ሌሊቱን ሐሊማ።
ለሷም ከወጣላት ያው ነው፣ ተማክረናል፤
ዕጣው ለማንም ይውጣ፣ አብሽሩ፣ ይደርሰናል።»

ይሄ በኛ ሰነድ ስም አለው፤ «ብክለት» ይባላል፤
ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ፣ ከስጋቶች ተርታ፣
ከጎርፍና ከዋጋ ንረት ጋር በአንድ ቦታ።

ማታ፣ ደሴ። መብራቱ ሄዶ መጣ።
«በቤት አይሆንም» አለ እንድሪስ፣ «በመንደር ይሁን ዕጣ።
ቦርከናን አጥር እናድርገው፤
ወዲህ ያሉት ያግኙ፣ ማዶ ያሉት ይቆዩ።»
ልክ ነው። በትምህርቱም ልክ ነው።
ካርታው ላይ ወንዙን በቀይ አሰመርኩት።

ከዚያ ትዝ አለኝ፣ ጦይባ ስትሸኘን
«እህቴ ማዶ ነች» ብላ በፌስታል የቋጠረችው
የልጅ ሸሚዝ፣ አንድ እጅጌው ያልተሰፋ።
አድርሰናል።
እኛው ራሳችን፣ በፕሮጀክቱ መኪና።

ቀዩን መስመር አልፋቅሁትም።
ግን ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ «ብክለት»ን ሰረዝኩና
አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፣ መቶ አርባ አንደኛ፦
«ባለፈው ሳምንት ሌሊቱን ለማን አዋሱ?»

ጠዋት እንድሪስ አየው፤ «ይሄ እንዴት ይለካል?»
እንጃ።
የለካ ሰው አይደል
መጨረሻው ላይ «ለካ!» የሚል?

ለመልሱ ኮድ አልሰጠሁትም፤
ባዶ መስመር ተውኩለት፣
ረዘም ያለ።