ዘጠኝ

ከቦርከና ማዶ፣ ሦስት ወንበር፣ ሦስት ዳኛ፤
መጨረሻው እኔ፣ ቁጥብ፣ ዝምተኛ።
የአራጋው አምባላይ አንገቱን እንደ ማጭድ
ቆልምሞ ሲመጣ፣ በቄንጥ ሲራመድ፣
ጭብጨባው ሜዳውን ሞልቶት ሲያስገመግም
«ዘጠኝ» ብዬ ጻፍኩኝ። አፉን አላየሁም።

ቀጥላ ሉባባ በዳማዋ መጣች፤
እጇ ዝም፣ ዛቡ ልል፤ በሐሳብ ነዳች።
ጆሮው ወደ እሷ ነው፣ ጅራቱ አይወራጭም፤
ማንም አልጮኸላት፣ እኔም አልደነቀኝም።
«ስድስት ይበቃታል።»

ሲመሽ ጨው ይዤለት ወደ ጋጣው ወረድኩኝ፤
አንዴ ላስ አደረገና ደንግጦ ሸሸኝ።
ምላሱ ተሰንጥቋል። ልጓሙ ነው። ብረቱ።
ያ ያማረ ቁልምም፣ ለካ ከሕመም ሽሽቱ።

የጎፍ ተራራ ጉም ለብሷል። ማኅተሙም አርፏል።
ዘጠኙን ልፍቅ ብል ቀለሙ ደርቋል፤
መዳፌ ላይ የቀረው ጨው
ቀልቷል።