ሐይቁን ስዞር

ዶክተሩ «ተራመድ» አለኝ፣ ስኳሬን አይቶ፤
ወረቀት ላይ ጫረ፣ ሌላ መድኃኒት ትቶ።
እኔም እልኸኛ፣ ሰፈር መዞር ንቄ
ሐይቁን ልዞር ወጣሁ፣ ሁለት ዳቦ ሰንቄ።

ከአሞራ ገደል ስንነሣ ገና ጀልባ አልገባም፤
ወፎቹ ግን ተሰልፈዋል፣ ራት የበላ የለም።
የእህቴ ልጅ ሌዳሞ በስልኩ እርምጃ ይቆጥራል፤
«ሦስት ሺህ፣ አጎቴ!» ጉልበቴ ሌላ ይቆጥራል።

መጀመሪያ ያገኘን ያ ረጅም ግድብ ነው፣
ከተማው ከሐይቁ ራሱን የከለለው፤
ድንጋይ በሽቦ ታስሮ፣ አፈር በአፈር ላይ ተጭኖ፤
ሐይቁ እግሩ ሥር ተኝቷል፣ ድመት መስሎ፣ የዋህ ሆኖ።
ሌዳሞ በእናቱ ይምላል፦ አምና፣ ነሐሴ ሲያባራ
በእጁ አምባዛ ይዟል ከጓሯቸው፣ ከጎመኑ ተራ።

ግድቡ ሲያልቅ ሸምበቆ፤ ሸምበቆው ሲያልቅ ጭቃ፤
ጫማዬን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ፣ በቃ።
ጉማሬ ያደረበት ሣር ገና ትኩስ ነው፤
ሌዳሞ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ቆጠራውን ተወው።

እኩለ ቀን ላይ ደረስን። ከጉብታው ትከሻ
አንድ ምሽግ አለ፣ የሲሚንቶ ዋሻ፤
ጣራው ላይ አባ ኮዳ፣ ካፖርቱን ደርቦ
እንደተረሳ ዘብ ቆሟል፣ አንገቱን ስቦ።
«ጣሊያን ነው የሠራው» አለን አንድ አላፊ፤
«የለም፣ ደርግ ነው» አለ ሌላው መረብ ሰፊ።
ሲሟገቱ፣ ከውስጥ የሰው ሳል ተሰማ፤
አቶ ላንቃሞ ወጡ፣ ጎንበስ ብለው፣ ከጨለማ።

«ሠሪውን እንጃ፤ እኔ ግን ሁለት ክረምት
በዚች ቀዳዳ አፈጠጥኩ፣ ‹ይመጣል› ሲሉን ‹ዛሬ ሌት›።»
«መጣ?»
«መጣ እንጂ፣ ጉማሬ። ከዚያ ወባ መጣች፤
በዚችው ቀዳዳ እየዘፈነች ገባች።
አሥራ ሁለት ነበርን። አንድ ጥይት ሳንተኩስ
አምስት ቀብረን ወጣን፣ መስከረም ሲደርስ።»

አሁን መረብ ሞልቶታል፣ በጥይት ሣጥን ፈንታ፤
ግድግዳው ቆሮሶ ይሸታል፣ ጠዋት ማታ።
ዓይኔን ከቀዳዳዋ አስጠግቼ ባይ
ስንዝር የማትሞላ ውሃ፣ ክር የምታህል ሰማይ፤
ያን ሁሉ ሐይቅ ልዞር የመጣሁት ሰውዬ
በጣት ልክ አየሁት፣ ግንባሬን ሲሚንቶው ላይ ጥዬ።

«አንተስ ከማን ትሸሻለህ፣ ይህን ሁሉ መንገድ?»
«ከስኳር» አልኳቸው። ሳቁ። ጎንበስ ብለው አንድ
ብርጭቆ ሻይ ቀዱልኝ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት፤
ለሽማግሌ እምቢ አይባል፤ ቆሜ ጨለጥኩለት።

ሌዳሞ ስልኩን አየ፤ «ባትሪው አለቀ» አለኝ።
ታቦር ከማዶ ጡጫ ያህላል፤ ግድቡ ጭራሽ አይታየኝ።
ግማሽ ሐይቅ ይቀረናል። ጫማዬን አጠለቅኩ።
ዘቡ ዞሮ አላየንም፤ ይለፍ ሳልጠይቅ አለፍኩ።