ከመሪው በስተቀኝ

ጋቢ አራት አጥፌ፣ ትራስ ደርቤበት፣
እወጣለሁ እንደ ሰገነት፤ ይቺ ላንድክሩዘር ደረጃ የለባት።
አንጋው ከቀኜ ተቀምጧል፣ ቀበቶውን አጥብቆ፣
ዓይኑ ከጠፋ ሦስት ዓመቱ፤ ጆሮው ግን ይሰማል ርቆ።
«ማርሹ አልገባም» ይለኛል፣ «ገና ነው፣ ቀስ በዪ፣
ሞተሩን ስሚው እንጂ እጅሽን አትዪ።»

ሃያ ስድስት ዓመት እሱ ነው የነዳት፣
የፕሮጀክት ሳለች ደመወዝ ሲበላባት፣
ፕሮጀክቱ ሲዘጋ በጨረታ ገዛት።
በሩ ላይ አለች ዛሬም፣ ከነጩ ቀለም በታች፣
አንዲት የስንዴ ዓርማ፤ ፀሐይ ሲመታት ትበቅላለች።

ሊማሊሞን በጭጋግ፣ ፊት መብራት ጠፍቶባት፣
በዝናብ ወርዳለች፣ ጭላዳ እያያት፤
የጃን አሞራን ጭቃ፣ የበየዳን ድንጋይ፣
በፎር ዊል ቧጥጣ ወጥታለች ወደ ላይ፤
ጭነቷ የክትባት በረዶ፣ የትምህርት ቤት መጽሐፍ፣
አንዴም ሙሽራ ከነሚዜው፣ ወንዝ እምቢ ሲል አላሳልፍ።

ዛሬ ጀሪካን ነው።
አሥራ አራት ቢጫ ጀሪካን፤ ክዳን የሌለው በላስቲክ የታሰረ፣
ከአዘዞ እስከ ማራኪ አስፋልቱን ሲያጥበው አደረ።
ዛሬ የእድር ድንኳን ነው፣ ብረቱ ፖርቶመጋላ ላይ፣
ከለቅሶ ወደ ለቅሶ፣ ከጭቃ ወደ ፀሐይ።
ወይም የጎረቤት በግ ነው፣ ከቅዳሜ ገበያ፣
ግንቡን በመስኮት ሲጎበኝ፤ እንዴት ያለ ነጻ መግቢያ!
ነዳጅ ሲጠፋ ደግሞ ሁለት ሌሊት ሰልፍ፣
ማደያው በር ላይ፣ እሷው ውስጥ እንቅልፍ።
ትጠጣለች ጣውንቴ! ከእኔ ስኳር ቆርጦ ያጠጣታል፣
«ስድስት ሲሊንደር ናት» ይላል፣ «ቢጠማት ምን ይገርማል?»

ባለፈው ደላላ መጣ፣ ሸጋው የሚሉት፣ ከባሕር ዳር፣
ጎማዋን በጫማው ረገጥ፣ እጁን ሰደድ ከኮፈኑ ሥር፤
የጠራውን ገንዘብ ሰምቼ ሻዩን መቅዳት ረሳሁ፣
የቤቱን ቆርቆሮ አሰብሁ፣ የልጅቷን ክፍያ አሰብሁ።
አንጋው ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ፦
«ሽጪያት። ግን አንድ ቀን፣ ሊማሊሞን አሳዪኝ።»

አሳዪኝ አለ፤ ዓይን የሌለው ሰው።
እስከ ደባርቅ የሚያደርስ ነዳጁም መንገዱም ከየት ይምጣ?
በማለዳ አስነሣኋት፣ ጎረቤት ከቤቱ ሳይወጣ፤
ከማራኪ ጀርባ ባለው በተቦረቦረው ጎዳና
ወጣሁ፣ ወረድሁ፣ ዞርሁ፣ ተመለስሁ እንደገና።
መስታወቱን ዝቅ አድርጌ፣ ብርድ ከአንገረብ ሲመጣበት፣
«ጭጋግ ነው» ብዬ ነገርሁት።
«አምባ ጊዮርጊስን አለፍን» አልሁ። ዝም።
«ዳባት ነን» አልሁ። ዝም።
«ይኸው ገደሉ በአንተ በኩል፣ ጭላዳዎቹም…»
ድምፄ ከዳኝ። አልጨረስሁትም።

ሣቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ። «ትርንጎ» አለኝ፣ «ውሸታም!
የመምህር አድማሱ ደጅ ነው፤ ሊማሊሞ እንዲህ አያንገጫግጭም።
ይኸኛው ደግሞ የወፍጮው፣ ሸተተኝ ዱቄቱ፤
ያ ያላለቀው ፎቅ ነው፣ ድምፃችንን መለሰው፣ ባዶ ነው ቤቱ።
አሁን ወደ ግራ ልትዞሪ ነው፤ ፍሬን! ፍሬን ያዢ፣ ልጆች አሉ።»

አሉ። ከኮፈኑ በታች፣ ከዓይኔ በታች፣
የጨርቅ ኳሳቸው ከጎማዬ ሥር ገብታ ቆማለች።
አንዱ ጎንበስ ብሎ አወጣት፤ እጁን አነሣልን፤ ሄደ።
አንጋው ወደ ድምፁ ዞሮ እሱም እጁን ሰደደ።
«ማርሽ» አለኝ ከዚያ። አስገባሁ። «አሁን ገባ» አለ።
ከኋላ ባዶው ጀሪካን እየተንኳኳ ተከተለ።

ስልኬ ከጋቢው ሥር ሦስቴ ተንዘረዘረ፤
አላነሣሁትም። የውሃ ተራችን ቀን ነበረ።